የቆመ መኪና እንዳይሄድ፤ ስለ እጅ ፍሬን መድከምና ስለ መጠገኑ

ኦቶሞቢል ለባለቤቱ ሁለት ነገሮችን ሊያደርግለት ይገባል፤ አንደኛው በታዘዘ ጊዜ መሄድ፥ ሁለተኛው በቆመበት ስፍራ ጸንቶ መቆየት ነው። ስለ መሄዱ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ሞተሩ ድምፁን ጥቂት ቢለውጥ ወዲያው መካኒክ ያስጠራል። ስለ መቆሙ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። የእጅ ፍሬኑ መያዝ ከተወ ስንት ወር እንደ ሆነው ቢጠየቅ፥ «ድንጋይ እናደርግለታለን» ብሎ የሚመልስ ባለ መኪና አይታጣም። እኛም በዚህ ገጽ ስለ ቤተ ሰብ ጤናና ደኅንነት የምንጽፍ እንደ መሆናችን፥ ይህ ነገር የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን።

ነገሩን ለማስረዳት ከአገራችን ክፍል አንዱን እንውሰድ። ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ፥ ከቦንጋም ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙንም ተሻግሮ ወደ ከፋ ደጋ መልሶ ይወጣል። መንገደኛው የውሽውሽን የሻይ ተክል አልፎ ወደ ሚዛን ሲያመራ ሺሺንዳን ያገኛል። አገሩ ኮረብታማ ነው፤ ዝናሙም ከዓመቱ ወሮች በሚበዙት ይዘንማል፤ አፈሩም በረጠበ ጊዜ እግርንም ጎማንም ያንሸራትታል። በዚያ ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ ዩኔስኮም ይህን የከፋን ጫካ በ2002 ዓ.ም. ከሚጠበቁት የዓለም የሕይወት ክልሎች ጋር ቈጥሮታል። ነገር ግን ቡናውን የሚያሳድገው ርጥበት የመኪናውን ብረት ያዝገዋል፤ ዳገቱም ለዐይን ያማረ ሲሆን በላዩ ለሚቆም መኪና የዘወትር ፈተና ነው። እንግዲህ በሺሺንዳና ሺሺንዳን በሚመስሉ ከተሞች የእጅ ፍሬን እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም።

የደከመ ፍሬን ምን ያህል እንደሚያስፈራ በቍጥር እንመልከተው። አንድ ሺሕ ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና፥ በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ቢቆም፥ ወደ ታች የሚጎትተው ኀይል የ100 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። የሚይዘው ጠፍቶ ቢለቀቅ፥ 20 ሜትር ብቻ ሄዶ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ያገኛል፤ ይህም ሁሉ የሚሆነው ሰባት ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። መኪናው ሞተሩ ስላልተነሣ ድምፅ የለውም፤ በቁልቍለቱ ግርጌ የሚጫወት ሕፃን ወይም ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃዋን የምትሸጥ እናት መምጣቱን አትሰማም። ሮጦ በእጁ ሊያቆመው የሚሞክር ሰውም ራሱ ከጎማው በታች ይወድቃል። ስለዚህ የሚንሸራተት መኪናን ለመያዝ ማንም ሰው ከፊቱ እንዳይቆም ለቤተ ሰብ ሁሉ መንገር ያስፈልጋል፤ ብረት ይጠገናል፥ የሰው ነፍስ ግን አይተካም።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጋራዡ ቋንቋ ከፈረንሳይና ይልቁንም ከጣልያን እየተወሰደ የእኛው ቋንቋ ሆነ፤ ፍሬን፥ ካቦ፥ ዳዶ፥ ቡሎን፥ ሞላ፥ ክሪክ፥ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት በየከተማው ይታወቃሉ። እነዚህን ቃላት የሚያውቅ ባለ መኪና ከመካኒኩ ጋር ተግባብቶ ይነጋገራል፤ የማያውቅ ግን የተነገረውን ሁሉ አምኖ ይከፍላል። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች በጥንቃቄ እየተያዙ ለብዙ ጊዜ ማገልገል ይኖርባቸዋል። ቮልስ፥ ቶዮታ ዲኤክስ፥ አሮጌ ላንድ ሮቨርና ላንድ ክሩዘር ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውን ቢያስተውል ይጠቅመዋል።

የእጅ ፍሬን አሠራር

በእግር የሚረገጠው ፍሬን ኀይሉን የሚያስተላልፈው በፍሬን ዘይት ነው። የእጅ ፍሬን ግን ዘይት አያስፈልገውም፤ ሥራው በካቦ ነው። ይህም በብልሃት የተደረገ ነው፤ ዘይቱ ቢፈስና የእግር ፍሬኑ ቢከዳ ሌላ የተለየ መያዣ እንዲኖር ነው። እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ ከሥሩ ያለው ትንሽ የብረት ምላስ በጥርሶች ላይ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ያልፋል፤ እጅ ሲለቀውም በጥርሱ መካከል ገብቶ ይይዘዋል። ካቦው ከመኪናው በታች ሄዶ ኀይሉን ለሁለት ከሚያካፍል ብረት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም አንዱ ካቦ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ የኋላ ጎማ ይሄዳል። በጎማው ውስጥ ባለው ታምቡር ካቦው አንዲት ትንሽ ዘንግ ይስባል፤ ዘንጓም ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች ወደ ውጭ ገፍታ ከታምቡሩ ጋር ታጣብቃቸዋለች። በዚህ ጊዜ ጎማው ይያዛል። እንግዲህ ጕድለት የሚገኘው ከሦስት ስፍራዎች በአንዱ ነው፤ በእጀታው፥ በካቦው ወይም በታምቡሩ ውስጥ። ብልኅ መካኒክ ገንዘብ ከማስወጣቱ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ይለያል።

መጀመሪያ መመርመር

ምርመራው ቀላል ነው። ከበታቹ ሰውም ቤትም በሌለበት መጠነኛ ዳገት ላይ መኪናውን በእግር ፍሬን አቁሞ፥ ማርሹን ባዶ አድርጎ፥ የእጅ ፍሬኑን መሳብና እግርን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። እግሩ ግን ለመርገጥ የተዘጋጀ ይሁን። ከዚያም መኪናውን አዙሮ ወደ ሌላው አቅጣጫ መድገም ይገባል፤ አፉን ወደ ላይ አድርጎ የቆመ መኪና አፉን ወደ ታች ሲያደርግ ላይቆም ይችላልና። እጀታውም ሲሳብ ስንት ጊዜ «ቀጭ» እንዳለ ይቈጠር። ትክክለኛው ቍጥር በመኪናው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ከ5 እስከ 8 ነው። ይህ ቍጥርና እጀታው ለእጅ የሚሰጠው ስሜት የበሽታውን ዓይነት ይናገራሉ።

እጀታው ያለ አንዳች ክብደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢነሣ፥ ካቦው ተበጥሷል ወይም ከመያዣው ወጥቷል ማለት ነው። ክብደት እያለው ከልክ በላይ ከፍ ቢል፥ ሸራው ሳስቷል ወይም ካቦው ተለጥጧል። እጀታው ከብዶ ጥቂት ብቻ ተነሥቶ ቢቆምና መኪናው ባይያዝ፥ ካቦው በሰገባው ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል። ተነሥቶ መልሶ ቢወድቅ፥ ምላሱ ወይም ጥርሱ ተበልቷል፥ ወይም ምላሱን የሚገፋው ሞላ ደክሟል። እጀታው እንደ ደንቡ ተነሥቶና ጸንቶ ሳለ መኪናው ቢሄድ ግን ጕድለቱ በታምቡሩ ውስጥ ነው፤ ሸራው ዘይት ነክቶታል፥ ወይም እንደ መስተዋት ለስልሷል።

ከመኪና በታች ከመግባት አስቀድሞ

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችንን አጥብቀን የምንለምነው ነገር አለ። የእጅ ፍሬኑ የማይሠራ መኪና ሲነሣ ከሌላው መኪና ይልቅ ያሰጋል። ሥራው በደልዳላ መሬት ላይ ይደረግ፤ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው፤ ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይደለምና፥ መኪናው ከተነሣ በኋላ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባበት። በዝናም በራሰ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣልና ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው፥ ጌታም ይሁን አሽከር፥ አይግባ።

በአሮጌ ላንድ ሮቨር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ይወቁ። በእነዚህ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ በጎማዎቹ ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው በስተኋላ ኀይልን ወደ ኋላ በሚወስደው ዘንግ ላይ ባለ አንድ ታምቡር ነው። በእነዚህም መኪናዎች ላይ አንደኛው የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ፥ ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ ወደ አንድ ወገን መሬት ላይ ያለው ደግሞ ወደ ሌላ ወገን እንዲዞሩ ስለሚፈቅድ፥ ፍሬኑ በደንብ እንደ ተሳበ መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊወርድ ይችላል። ጎማ ለመለወጥ ብቻ እንኳ ቢሆን ታኮ ሳይደረግ ማንሣት ክልክል ነው።

ጕድለቱን መለየትና ማረም

መኪናው በደኅና ከተደገፈ በኋላ አንድ ሰው በውስጥ ተቀምጦ እጀታውን ይሳብ፤ ሌላው ከታች ካቦውን ይመልከት። በእጀታው በኩል ያለው የካቦ ጫፍ ካልተንቀሳቀሰ ጕድለቱ በእጀታው ዘንድ ነው። ከፊት ተንቀሳቅሶ ከጎማው ዘንድ ካልተንቀሳቀሰ ካቦው በሰገባው ውስጥ ተይዟል። ከጎማው ዘንድ ያለው ዘንግ በሚገባ እየተሳበ ጎማው በእጅ ቢዞር፥ ታምቡሩን መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ምርመራ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ነገር ግን ሳያስፈልግ ካቦ ከመግዛት ወይም ሳያስፈልግ ሸራ ከመለወጥ ያድናል።

ካቦው የዛገ እንደ ሆነ፥ ዘይት በማፍሰስ ለጥቂት ቀን ሊላላ ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ አንድ ጊዜ ከሰገባው ስለ ገባ መልሶ ይይዛል። እንዲህ ያለው ካቦ መለወጥ ይገባዋል። የተበጠሰውንም ካቦ በሽቦ ማሰር ወይም መበየድ ከቶ አይገባም፤ የታሰረው ካቦ በለሰለሰ ቀን ይይዛል፥ መኪናው ሸክም ይዞ በዳገት ላይ በቆመ ቀን ግን ይከዳል። በሺሺንዳ የሚፈለገው ካቦ ባይገኝ በቦንጋ ወይም በጅማ ማስፈለግ፥ ከዚያም ካልተገኘ ከአዲስ አበባ መርካቶ፥ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚገኝበት ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ይቻላል። የሚልክ ሰው የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ይጻፍ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን ካቦ ራሱን መላክ ነው፤ በርዝመቱ ጥቂት የተለየ ካቦ ከቶ አያገለግልምና።

ታምቡሩ የሚከፈት እንደ ሆነ አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑ ፈጽሞ ይለቀቅ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅ፥ በብዙ መኪናዎች ታምቡር ላይ ባሉት ሁለት የተጠረቡ ቀዳዳዎች ልካቸው የሆኑ ቡሎኖች አስገብቶ ቀኝና ግራውን በተራ በማጥበቅ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። በውስጡ የሚገኘውን ትቢያ በአፍም በአየርም መንፋት ክልክል ነው፤ የጥንት የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረባቸውና፥ ትቢያው በሳንባ ገብቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ብርቱ በሽታ ያመጣል። በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን መጣል ነው። ደግሞም ሁለቱን ጎማ በአንድነት አለመፍታት ብልኅነት ነው፤ ሞላዎቹ የት እንደ ነበሩ የጠፋበት ሰው ያልተፈታውን ወገን አይቶ ይገጥማቸዋል።

ሸራው ለስልሶ እንደ ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን መፋቅ ይበቃዋል። ዘይት የጠጣ እንደ ሆነ ግን በቤንዚን ማጠብ ትርፍ የለውም፤ በሞቀ ጊዜ የጠጣውን ዘይት መልሶ ይተፋል። ከዚህም በላይ ዘይቱ ከወዴት እንደ መጣ ሳይታወቅ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የተፋው የፍሬን ዘይት የሚገፋው ትንሽ ፒስተን ይሁን፥ ወይም የዲፈረንሻልን ዘይት የሚከለክለው ጎማ ይሁን፥ መጀመሪያ እርሱ ይታረም። ሸራም ሲለወጥ የሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ይለወጥ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናው እኩል አይያዝም። ካቦው የሚስባት ትንሽ ዘንግም ዝጋ እንደ ሆነ ተፈትታ ትጽዳ፤ በመታጠፊያዋም ጥቂት ግራሶ ይደረግ፤ ግራሶው ግን ወደ ሸራው እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ሲገጠም ደግሞ ብዙ ሰው የሚስትበት ሥርዐት አለ። መጀመሪያ የሚስተካከለው ሸራው ነው፥ ካቦው ሁለተኛ ነው። በታምቡሩ ውስጥ ያለውን ጥርስ ያለውን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ ድረስ ማዞር፥ ከዚያም ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው ጥቂት ብቻ እስኪነካው መመለስ፥ የእግር ፍሬኑንም ጥቂት ጊዜ ረግጦ ሸራዎቹን በስፍራቸው ማስቀመጥ ነው። ይህ ካለቀ በኋላ በእጀታው ሥር ወይም ከመኪናው በታች ያለውን የካቦውን ዳዶ እጀታው በሚገባው ቍጥር እስኪይዝ ድረስ ማጥበቅ ነው። ሸራው ሳስቶ ሳለ ካቦውን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው፥ ለጊዜው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተወጠረው ካቦ ሸራዎቹን ከማረፊያቸው ያነሣቸዋል፥ በሌላውም ጊዜ ራሱን የሚያስተካክለው ዕቃ ሥራውን ይተዋል። በመጨረሻ እጀታው ወደ ታች በወረደ ጊዜ ሁለቱም ጎማዎች በነጻነት መዞራቸው ይታይ፤ አለዚያ ሸራው በመንገድ ላይ እየተፋተገ ይሞቃል፥ ነዳጅም ይባክናል። እጀታው አንድ አንድ ጥርስ ሲሳብም ቀኙና ግራው ጎማ አብረው መያዝ አለባቸው።

በእጀታው ጥርስ ላይ ያለውን ጕድለት በሚመለከት ቃላችን አጭር ነው። የተበላ ጥርስን በሞረድ ስሎ መጠቀም አደገኛ ነው፤ እጀታው በሙሉ ይለወጥ። በኋላ ጎማዎቻቸው ታምቡር ሳይሆን ክብ የብረት ሳሕን ያላቸው ብዙ መኪናዎችም እንዲሁ በካቦ የሚሳብ ዘንግ አላቸው፤ ዘንጉ በዝገት ሲያዝ የሚሻለው በዚህ ሥራ የሠለጠነ መካኒክ መጥራት ነው።

እስኪጠገን ድረስ ምን ይደረግ

ካቦው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ያለ ሥራ ላይቆም ይችላል። እንግዲያውስ የእጅ ፍሬን በሌለበት ጊዜ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይደረጉ። አፉን ወደ ዳገት ያደረገ መኪና በአንደኛ ማርሽ፥ አፉን ወደ ቁልቍለት ያደረገ በኋላ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ይጥፋ። የፊት ጎማዎቹም ቢንሸራተት ወደ መንገዱ ዳር እንዲሄድ እንጂ ወደ መንገዱ መካከል እንዳይሄድ ይዙሩ። ከሁሉ በላይ በቁልቍለቱ ወገን ሁለት ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረግ። ታኮውም ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሆኖ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። በየመንገዱ የተገኘውን ድንጋይ አንሥቶ ታኮ አድርጎ ሲሄድ ትቶት መሄድ ግን ክፉ ልማድ ነው፤ በጨለማ የሚመጣ ሌላ መንገደኛ በዚያ ድንጋይ ይሞታል። የራስን መኪና ለማቆም የሌላውን ሰው ሕይወት ማሰናከል አይገባም።

ማርሽ ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም፤ የሞተሩ ጕልበት የደከመ አሮጌ መኪና በማርሽ እያለ ቀስ በቀስ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ማርሹን ራሱ የሚለውጥ መኪናም በማቆሚያው ስፍራ ሲገባ የሚይዘው በካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ጥርስ ነውና፥ የእጅ ፍሬን እንዲረዳው ያስፈልጋል። በክረምት ለብዙ ሳምንት የማይነዳ መኪና ግን በደልዳላ ስፍራ በማርሽና በታኮ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ ከቆየ ሸራው በርጥበት ከታምቡሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላልና።

ለቤተ ሰብ የሚገባ ሥርዐት

የቤቱ ጌታና እመቤት ሾፌር ቢኖራቸውም ይህን ጉዳይ ለሾፌሩ ብቻ አይተዉት። ሾፌሩን በወር አንድ ጊዜ «የእጅ ፍሬኑ በስንተኛው ይይዛል?» ብለው ቢጠይቁት፥ ጌታው እንደሚያስብ ስለሚያውቅ እርሱም ያስባል። «ጕድለት አለው» ብሎ የተናገረውን ሾፌር አመስግነው የሚያስፈልገውን ወጪ ይስጡት እንጂ ምክንያተኛ አያድርጉት፤ የተናገረው ሰው ከተቈጣ፥ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርምና። ሕፃናትን ብቻቸውን በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ የእጀታውን ጫፍ ተጭኖ ወደ ታች ማውረድ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚያቅት ሥራ አይደለም። በግቢ ውስጥም ቢሆን ልጆች ከመኪናው በስተቁልቍለት እንዳይጫወቱ፥ ቡናና እህልም በዚያ ወገን እንዳይሰጣ ቢደረግ መልካም ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ላለው ነገር ነው። የእጅ ፍሬን አንድ ቀን በድንገት የሚከዳ አይመስለንም፤ እጀታው በየወሩ አንድ ጥርስ ከፍ እያለ አስቀድሞ ይነግረናል። የሚሰማው ባለ መኪና ገና በዳዶ ጥቂት መዞር የሚታረመውን ነገር በጊዜው ያርማል፤ የማይሰማው ግን በቁልቍለቱ ግርጌ ያገኘዋል። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ መኪናቸው ወደ ግቢ ሲገባ እጀታውን ሳብ አድርገው ድምፁን ይቍጠሩ፤ ቍጥሩም ከልክ ያለፈ ሆኖ ቢያገኙት ነገ ጠዋት ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድመው መካኒክ ያስጠሩ።